መልክ ያጥንት ነውን?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር የሴት ልጅ ቁንጅና ሲወሳ የአያቷ ስም መከተሉ አይቀርም፡፡ «ዘሯ ነው!» ይባላል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል፡፡ አዝማሪውም ዓይኗንና አንገቷን አሞግሶ ሲያበቃ ወደ አባቷ አጥንት ይሻገራል፡፡ እኔ ሙግቴ ከዚህ ላይ ነው፡፡

መልክ ዘር የለበትም አልልም፡፡ አፍንጫና አገጭ ከወላጅ እንደሚወረስ ማንም ያያል፡፡ በ2019 እ.ኤ.አ. «ፕሎስ ጄኔቲክስ» በተባለ መጽሔት የወጣ ጥናት የ4,383 አሜሪካውያንን የተማሪነት ፎቶግራፍ ለዳኞች አሳይቶ፣ የተሰጣቸውን የውበት ነጥብ ከዘረመላቸው ጋር አመሳክሮ ነበር፡፡ ከውበት ጋር የተያያዙ የዘረመል ሥፍራዎች ተገኝተዋል፤ ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ኢምንት ነው፡፡ በሴቶች ላይ የታየው ሁሉ በወንዶች ላይ አልተደገመም፡፡ የተጠኑትም የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ብቻ ስለሆኑ የጎጃምን መልክ ሊዳኝ አይችልም፡፡

እስቲ በብርሌ የሚመሰለውን አንገት እንውሰድ፡፡ በጎጃም ስንቱን አንገት እንቅርት አበላሽቶታል? «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚል ተረት ያለን በከንቱ አይደለም፡፡ በእናት ታይቶ በልጅ ሲደገም የዘር ይመስላል፤ ዋነኛው ምክንያቱ ግን የአዮዲን እጥረት ነው፡፡ ዝናብ ከደጋው አፈር አዮዲኑን አጥቦ ይወስደዋል፤ በዚያ አፈር የበቀለ እህልም ያንኑ ያጣል፡፡ እናትና ልጅን ያመሳሰላቸው አንድ ማዕድ መቁረሳቸው ነው፡፡ በ2011 እ.ኤ.አ. የምግብ ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያዝ ደንብ የወጣውም ለዚሁ ነው፡፡ ቁንጥጫ ጨው የሚከላከለውን ነገር «አጥንት» ማለት ምን ይሉታል?

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩ፡፡ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ፊታውራሪ መሸሻ በአጥንት የሚመጥን አማች ሲያማርጡ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ይነጉዳል፡፡ የሸክላ ሠሪዋንና የቀጥቃጩን ልጅ ደግሞ፣ የቱንም ያህል መልከኛ ብትሆን፣ «ቡዳ» አሰኝቶ ከጋብቻ ያስቀራት ይኸው የአጥንት ቆጠራ ነው፡፡ አንዷን የሚያሞግሰው ቃል ሌላዋን ያዋርዳል፡፡

በኔ እምነት የውበት ግጥማችን ሊታረም የሚገባው እዚህ ላይ ነው፡፡ አዝማሪ ሆይ፣ ዓይኗን እንደልብህ አሞግስ፤ አጥንቷን ግን ተወው፡፡