ሰፈር ሲታደስ ነዋሪው የት ይቀመጣል?

እንደሚታወቀው ሀደራ እ.ኤ.አ. በ1891 የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በባሕሩ ዳር ያለው ጊቫት ኦልጋ ግን ከአገሪቱ ምሥረታ በኋላ ለገቡ ኦሊም የተሠራ ሰፈር ነው። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰለሞን ዘመቻ ከመጣው ወገናችን ብዙው በመርካዝ ክሊታና በካራቫን ቆየ። በ1993 መንግሥት የቤቱን ዋጋ አብዛኛውን ክፍል በእርዳታ የሚሸፍን ልዩ ማሽካንታ ሲፈቅድ ብዙዎቻችን የቤት ባለቤት ሆንን። ይህ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ገንዘቡ የሚበቃው ዋጋቸው ዝቅ ላለ አሮጌ ሽኩኖች ስለነበረ፣ ቤተሰቦቻችን በሀደራ፣ በነታንያ፣ በረሆቮትና በአፉላ ጥቂት ሰፈሮች ተከማቹ። ከዚያም ሰፈሮቹ «ችግረኛ» ተባሉ።

የማደስ ሥራው አዲስ አይደለም። በ1977 የሜናኼም ቤጊን መንግሥት ያወጀው የሰፈሮች እድሳት የነዋሪ ተወካዮች ከባለሥልጣኖች ጋር በአንድ ኮሚቴ እንዲቀመጡ፣ በውጭ ያሉ የአይሁድ ማኅበረሰቦችም እንዲረዱ አደረገ። በ1994 የአይሁድ ኤጀንሲ የጀመረው «ሹታፉት 2000» ደግሞ የሀደራን አካባቢ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ካሉ ማኅበረሰቦች ጋር አዛመደ። ለተደረገው በጎ ሥራ ሁሉ ምስጋናችን ይድረስ።

ነቀፌታችን በአሠራሩ ላይ ነው፤ ማንንም ተቋም ለይተን አንጠራም። ዕቅዱ በዕብራይስጥ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሽማግሌዎቻችን ይጠራሉ፤ ያዳምጣሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ይመለሳሉ። በሪፖርቱ ላይ «ነዋሪው ተሳትፏል» ተብሎ ይጻፋል። በአገር ቤት ቄስና ሽማግሌ ያልተቀመጠበት ጉባኤ ዕርቅ አያወርድም ነበር። በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 3 የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲታደስ ብዙዎቹ በየቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን እንደሠሩ እናነባለን፤ ሠሪው የሚኖርበት ሰው ነበር።

ዛሬ ጉዳዩ ከቀለምና ከመናፈሻ አልፏል። በ«ፒኑይ ቢኑይ» አሮጌው ሽኩን ፈርሶ ፎቅ ሲሠራ ባለቤቱ አዲስ ቤት ያገኛል። የሕንፃው ወርሃዊ መዋጮ ግን በጡረታ ለሚኖር ሽማግሌ ይከብደዋል፤ ተከራዩም ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ግንቡ ታድሶ ሰዎቹ ከተበተኑ፣ የታደሰው ለማን ነው?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ ዕቅዱ ከመፈረሙ በፊት በአማርኛና በትግርኛ ይነበብ፤ እናቶችና ወጣቶች ጭምር በኮሚቴው ድምፅ ይኑራቸው፤ የገንዘቡ ሂሳብ በዓመት አንድ ጊዜ በማትናስ ለሕዝብ ይቅረብ። እናንተም ወላጆች፣ በስብሰባው ቀን አትቅሩ፤ የሚያስተረጉሙላችሁን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።