ምን አለሽ?

የፈጠራ ስሜት ከወዴት ይመነጫል ለሚለው ጥያቄ ብዙዎቻችን መልሱን ከመጻሕፍት መደርደሪያና ከሩቅ አገር መድረክ ስንፈልግ እንታያለን። ይሁንና በአዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ስሙ ራሱ ጥያቄ የሆነ ሰፈር አለ፤ ምናለሽ ተራ። በዚያ ያረጀ በርሜል ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ የመኪና ጎማም ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል።

በረባሶን እንደ አንድ የጥበብ ሥራ እንመርምረው። ጎማው በመንገድ ላይ እንዳይንሸራተት የተቀረጸለት ጥርስ በሰው እግር ሥር ያንኑ አገልግሎቱን ይቀጥላል፤ ከክቡ ጎማ የወረሰው ጉብጠትም ሳይደበቅ የጫማው መልክ ይሆናል። ሠሪው የቁሱን ጠባይ አጥንቶ ከርሱ ጋር ተስማማ እንጂ አልታገለውም። ቅርጽና ይዘት ተዋሐዱ የምንለው ከዚህ የተለየ ነውን?

«ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባላል። ነገር ግን ድህነትን ማስዋብ የሐያሲ ተግባር አይደለም፤ በረባሶ የሚጫማ ሰው የተሻለ ጫማ ቢያገኝ አይጠላም። ነቀፌታዬ ሌላ ነው። በባለእጁ ማረሻ አርሶ እየበላ ባለእጁን «ቀጥቃጭ» እያለ ሲንቅ የኖረው ዓይን ዛሬም በሒሳችን ውስጥ አለ፤ የእጅ ሥራን ከሥነ ጥበብ ደጅ ያስቀራል።

ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ ከዚያ ሰፈር ሊወስዱት የሚገባው ዕቃውን ሳይሆን ጥያቄውን ነው። የጎደላቸውን ከመቁጠራቸው በፊት፣ በየደጁ የሚሰማውን ንግግርና በየገበያው የሚታየውን የሰው ሁኔታ ልብ ብለው፣ የዕለት ተዕለት ሕይወትን «ምን አለሽ?» ብለው ይጠይቋት።