ጨዋታውና ትምህርቱ፦ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ሲመዘን

ባለፈው የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ጅቡቲ ከተማ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሠፈር፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት አርፈን ነበር። ወደ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ሦስት ልጆች «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአማርኛ የሕፃናት ዝግጅት ተመለከቱ። ዝግጅቱ እንዳበቃ ወደ ግቢው ወጥተው፣ ቆርኪውን ገንዘብ፣ አሸዋውን ስኳር አድርገው እቃቃ ጀመሩ። ትልቋ ሻጭ ሆነች። ገዢው አሥር ቆርኪ ከፍሎ የአራት ቆርኪ ስኳር ወሰደ። መልሱ «አምስት ነው»፣ «የለም፣ ስድስት ነው» የሚል ክርክር ተነሣ፤ በመጨረሻም ቆርኪው አንድ በአንድ ተቆጥሮ ስድስት ሆነ። እናታቸው ግን፣ «መምህር፣ ሥራቸው ሁሉ ጨዋታ ሆነ እኮ! ፊደሉን መቼ ይይዙታል?» አሉን። ይህ የብዙ ወላጆች፣ እንዲያውም የብዙ መምህራን ጥያቄ ስለሆነ፣ ዝግጅቱን ከዚሁ አንጻር ልንመዝነው ወደድን።

ዝግጅቱን የፈጠሩት፣ ቀደም ሲል የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው ሼን ኤትዘንሃውዘር ናቸው። ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. አቋቋሙ፤ ዝግጅቱም በ2008 እ.ኤ.አ. በሙኒክ የፕሪ ዣኔስን ሽልማት አገኘ። ዋናዋ ባለታሪክ ፀሐይ፣ ሁሉን ለማወቅ የምትጓጓ ትንሽ ቀጭኔ ናት።

የዝግጅቱ አንደኛው ብርታት ይኸው የባለታሪኳ ጠባይ ነው። በብዙ ክፍሎቻችን ውስጥ የሚጠይቀው መምህሩ፣ የሚመልሰው ተማሪው ነው፤ እዚህ ግን ጠያቂዋ ልጅ ናት። ሁለተኛው ብርታት ቋንቋው ነው። ከደጅ ሶማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ለሚሰማ የጅቡቲ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ከቤተሰቡ አፍ ውጭ አማርኛን በጨዋታ መልክ ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለቱስ? ልጁ ይመለከታል እንጂ አይጫወትም። ተራ አይጠብቅም፤ ከጓደኛው ጋር ተከራክሮ አይታረቅም፤ በእጁ ይዞ የሚቆጥረው ነገር የለም። ጨዋታውን አሻንጉሊቶቹ ተጫውተው ይጨርሱለታል። ይህም የዚህ ዝግጅት ብቻ ሳይሆን የቴሌቪዥን ሁሉ ጠባይ ነው። ስለሆነም የዝግጅቱ ዋጋ የሚታወቀው መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ልጁ በሚያደርገው ነገር ነው እንላለን። በዚያች ግቢ ያየነውም ይህንኑ ነው።

ሩሲያዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ ባደረገው ንግግር፣ እንጨቱን ፈረስ ያደረገ ልጅ ትርጉምን ከዕቃው መለየት መጀመሩን አስረድቷል። ነገሩን ወደ እኛ ስናመጣው፣ ቆርኪ የገንዘብ ምልክት መሆን እንደሚችል የገባው ልጅ፣ «ሀ» የምትባለው ቅርጽም የድምፅ ምልክት መሆንዋን ለመቀበል መንገድ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚህም በላይ፣ የሻጭነትን ደንብ ጠብቆ ስኳሩን ሳይበትን የሚቆይ ልጅ ራሱን መግዛት እየተማረ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በባድ ብላንክንቡርግ የጀመረው የሕፃናት ተቋም መሠረቱ ጨዋታ ነበር፤ በ1840 እ.ኤ.አ. «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» ብሎ ሰየመው። የትምህርት ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉትም፣ በአገራችን የመጀመሪያው መዋዕለ ሕፃናት በድሬዳዋ የተከፈተው ከዚሁ ከጅቡቲ ለተነሣው የባቡር ሐዲድ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመዋዕለ ሕፃናትን ዓላማ የሕፃኑን ሁለንተናዊ ዕድገት አድርጎታል። በተግባር ግን የአራት ዓመት ልጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ፊደል ሲገለብጥ የሚውልበት፣ የቤት ሥራ ተሸክሞ የሚገባበት ቦታ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ልጅ ፊደሉን ይይዝ ይሆናል፤ መጠየቅን ግን ይተዋል። ከዓመታት በኋላም ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ «ጥያቄ ያለው?» ስንለው አንገቱን ይደፋል።

በመሆኑም ለመምህራን የምንለው፦ ዝግጅቱን አሳዩ፤ ግን ልጆቹ የተመለከቱትን ተነሥተው እንዲጫወቱት ጊዜና ቦታ ስጧቸው። ታናናሾቻችሁን የምትጠብቁ ተማሪዎችም፣ ቴሌቪዥኑን ከፍታችሁላቸው ዘወር አትበሉ፤ እቃቃው ውስጥ ገዢ ሁኑ፤ መልሱንም አስቆጥሯቸው።

ለእናቲቱ የሰጠነው መልስ አጭር ነበር፦ «እመቤት፣ ፊደሉን መያዝ የጀመሩት እዚያ ቆርኪው ላይ ነው።» እርሳቸውም ለጊዜው ዝም አሉ። በማግስቱ ግን ከኩሽና ባዶ ቆርቆሮዎች አውጥተው ለሱቁ ሲያቀብሉ አየን።