ሞረድ የነካው ፒስተን

ከካርቶኑ የወጣ የሞቶክሮስ ፒስተንና በጎበዝ መካኒክ እጅ ያለፈ ፒስተን ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ተመልካች ቶሎ አይለያቸውም። ቶሎ ከለያቸው ሥራው ሳይበዛ አልቀረም።

ባለ ሁለት ምት ሞተር እንደ ባለ አራት ምቱ ቫልቭ የሚከፍትና የሚዘጋ ካም የለውም። በር ጠባቂው ፒስተኑ ራሱ ነው። ሽቅብ ቁልቁል ሲመላለስ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በገላው ይከድናል፣ ይገልጣል። ስለዚህ የፒስተኑን ጠርዝ የሞረደ ሰው የሞተሩን ሰዓት ነካ ማለት ነው። መግቢያውን ፒስተኑ ብቻ በሚቆጣጠርባቸው የድሮ ሞተሮች፣ በመግቢያው በኩል ያለው የታች ጠርዝ 2 ሚሊ ሜትር ሲያጥር በሩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶም ይዘጋል። በከፍተኛ ዙር ጉልበት ይጨምራል፤ ዙሩ ሲወርድ ግን የገባው ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ ተመልሶ ይተፋል። ጭቃ ውስጥ ቀስ ብሎ ለሚወጣ ነጂ ይህ ምርቃት አይደለም።

ከመቁረጥ ይልቅ መስኮት መክፈት የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። የምሥራቅ ጀርመኑ መሐንዲስ ቫልተር ካደን በቾፓው ከተማ በኤም ዜድ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካ ሲሠራ፣ አዲስ የገባውን የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በፒስተኑ ጎን በተከፈተ መስኮት በኩል አሳለፈው። ድብልቁ ሲያልፍ የፒስተኑን አናትና የፒኑን ኩሽኔታ ያቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. በ1961 የእሱ 125 ሲሲ ሞተር 25 የፈረስ ጉልበት ደርሶ ነበር፤ በሊትር ሲሰላ 200።

የእኔን ዓይን የሚይዙት ግን በጭስ መውጫው በኩል የሚበሱት ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው። መውጫው ለሁለት በተከፈለበት ሲሊንደር፣ መካከል ላይ የቆመችው ቀጭን ምሰሶ በግራም በቀኝም እሳት ይልሳታል። ስትግል ወደ ፒስተኑ ታብጣለች፤ ዘይቷም ይደርቃል። ባለሙያው ፒስተኑን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ የምሰሶዋን መስመር በጥንቃቄ ምልክት ያደርጋል። ከፒስተኑ ቀለበት ዝቅ ብሎ ወደ 2 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ ፑንታ አንዱን ከአንዱ በታች ይበሳል። ከፒስተኑ ሥር ያለው ዘይት ያዘለ ድብልቅ በዚያ ሾልኮ ምሰሶዋን ያረጥባታል።

መብሳት ማንም ይበሳል። ሙያው ከዚያ በኋላ ነው፦ የቀዳዳውን አፍ በውጭም በውስጥም ማለስለስ፣ የመስኮቱን ማዕዘን ማክበብ። ምቱ 54.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 11,000 ዙር ሲሽከረከር፣ ፒስተኑ በአማካይ በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በየደቂቃው 22,000 ጊዜ ቆሞ ይመለሳል። ስል ማዕዘን ካገኘ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። የቀረች ብናኝ ደግሞ ሲሊንደሩን ትቧጭራለች።

አናቱን እንደ መስታወት የሚወለውሉም አሉ። ያምራል፤ ጥቂት እንደተነዳ ግን ጥላሸት ይለብሳል።

«የተሠራ ፒስተን ነው» ተብሎ ከቀረበልዎ አናቱን ትተው ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ጥፍርዎን በቀዳዳዎቹ አፍ ላይ ያዙሩ፤ ከያዘዎት አይግዙት።