እናቴ ስልክ ብታነሳ ወንጀለኛ ናት?

ጎበዝ፣ የሕግ ትርጓሜ የጠበቆች ጣጣ ብቻ አይደለም። እሑድ ጠዋት ከሻኮፒ፣ ሚኒሶታ በኢንተርኔት ስደውል ስልኩን የምታነሳው እናቴ ናት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠ ከ3 እስከ 8 ዓመት፣ አገልግሎቱን ያገኘ ደግሞ፣ በቸልተኝነትም ቢሆን፣ ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ።

«ያገኘ» ማን ነው? ደዋዩ ወይስ ተቀባይዋ? መንግሥት ያኔ «ስካይፕ ለግል መጠቀም አልተከለከለም» ሲል አስተባበለ። ዜጋን የሚጠብቀው ግን የሕጉ ቃል እንጂ የባለሥልጣን ማስተባበያ አይደለም። ሕግ መቅጣት ያለበት ማጭበርበሩን ነው፤ ድምፅ የተጓዘበትን መንገድ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1148 በ2011 ዓ.ም. ዘርፉን ለውድድር ከፍቷል። ገበያ ሲከፈት ትርጓሜም ይጥራ እላለሁ።