አንድ መጽሐፍ፥ ብዙ ፍርድ

አንድ መጽሐፍ ተነቦ ሲያበቃ አንዱ «እንዲህ ያለ ድርሰት አይቼ አላውቅም» ሲል፥ ሌላው «ወረቀቱ ባከነ» ይላል። እንዲህ ያለው የአሳብ ልዩነት በየቤቱና በየቡና ቤቱ የሚሰማ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን፤ ወይም «ሁሉም እንደ ምርጫው ነው» ብለን ክርክሩን እንዘጋዋለን። እኔ ግን ነገሩ በዚህ የሚዘጋ አይመስለኝም። አንባቢዎች ብዙ ጊዜ የሚለያዩት ለአንድ ጥያቄ የተለያየ መልስ ስለሚሰጡ ሳይሆን፥ እያንዳንዳቸው መጽሐፉን የሚጠይቁት ጥያቄ የተለየ ስለ ሆነ ነው። ይህን አሳብ በዚህ አጭር ጽሑፍ በሦስት መጻሕፍት ለማስረዳት እሞክራለሁ። አስተያየታቸውን የሰማሁት አንባቢዎች በምኖርበት በልደታ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ፥ ዘመዶቼና ጓደኞቼ ናቸው። ቁጥራቸው ጥቂት ስለ ሆነ በእነርሱ ቃል ስለ አገሩ አንባቢ ሁሉ ለመፍረድ አልደፍርም።

በመጀመሪያ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት መጽሐፉን በእጃቸው ይዘውት አያውቁም፤ ያወቁት ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲያነበው ሰምተው ነው። ለእርሳቸው መጽሐፉ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው። «የተሳሉት ወላጆቹ፥ መከራውን የተቀበለው ግን ልጁ» እያሉ እስከ ዛሬ ያዝናሉ። በልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደሩ አንድ አዛውንት ግን ስለ ፍቅሩ ብዙ አይናገሩም። እርሳቸው የሚያነሡት የፊታውራሪ መሸሻንና የገባሮቻቸውን ጠብ፥ የጉዱ ካሣንም ክርክር ነው። «ልጄ፥ ይህ የመሬትና የፍርድ መጽሐፍ ነው፤ ፍቅሩ ማጣፈጫው ነው» አሉኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነበር። መጽሐፉ በተከታዩ ዓመት ስለ ወጣ፥ በዚያ ዘመን ያነበበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ገባሮቹን ቢያይ አያስደንቅም።

ታዲያ ትክክለኛው ማን ነው? ሁለቱም በመጽሐፉ ውስጥ የሌለ ነገር አላመጡም። በዛብህ የድኻ ልጅ፥ ሰብለ ወንጌልም የባላባት ልጅ ባይሆኑ ኖሮ ፍቅራቸው እስከ መቃብር ባላደረሳቸው ነበር። ፍቅሩን ያከበደው ሥርዓቱ ነው፤ ሥርዓቱን እንድንጠላው ያደረገን ደግሞ ፍቅሩ ነው። ሁለቱ አንባቢዎች የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ ይዘዋል። በዚህ ላይ መጽሐፉን ያገኙበት መንገድም የተለያየ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በጆሮ የሰማ ሰው ወደ ኋላ ገልጦ የጉዱ ካሣን ረጅም ክርክር ሊመረምር አይችልም፤ ድምፁ የሚያደርስለት ለቅሶውን ነው። በእርሳስ እያሰመረ ያነበበው ደግሞ ክርክሩን ይዞ ይቀራል።

በግጥም ረገድ ልዩነቱ የበረታ ነው። በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግጥም ማለት ቤት የሚመታ፥ ምክር የሚሰጥና በቃል የሚጠና ነበር፤ የከበደ ሚካኤልን ግጥሞች በቃላችን የያዝነው በዚህ መንገድ ነው። በ1963 ዓ.ም. የታተመው የሰሎሞን ዴሬሳ «ልጅነት» ከተለመደው የግጥም አካሄድ የወጣ በመሆኑ ያከራከረ መጽሐፍ ነው። እኔም መጀመሪያ ሳነበው መሬት የከዳኝ መሰለኝ። ቅኔ ቤት የቈየ አንድ ጓደኛዬ ጥቂት ገጽ አንብቦ «ሰሙንም ወርቁንም አጣሁት» ብሎ መለሰልኝ። አንዲት የክፍል ጓደኛችን ግን መጽሐፉን ለሁለት ሳምንት ይዛ ቈየችና «ማታ ብቻዬን ሳስብ አሳቤ የሚሄደው እንዲህ ነው» አለች። እርሱ የጠየቀው «ግጥሙ እንደ ሕጉ ተሠርቷልን?» ብሎ ነው፤ እርሷ የጠየቀችው «የእኔን ነገር ያውቃልን?» ብላ ነው። የእርሱ ጥያቄ የዘመናት ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ደራሲው ሆን ብሎ የተወውን ሕግ «ለምን አልጠበቅህም?» ብሎ መክሰስ ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉን ትቶ በምትኩ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅም ይገባል።

በሦስተኛው መጽሐፍ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ እጅግ ተነበበ፤ የዚያኑ ያህልም ተነቀፈ። የሚያደንቁት የጣናን ገዳማት፥ ሳይንስንና ስለላን አንድ ላይ ማስተሳሰሩን ያነሣሉ፤ የሚነቅፉት ደግሞ ታሪኩ አይታመንም ይላሉ። ታላቅ ወንድሜ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ በሜክሲኮ መስመር የታክሲ ረዳት የሆነ ሰው ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከአንድ አዟሪ ገዝቶ፥ ታክሲው ወረፋ በሚጠብቅበት ጊዜ እያነበበ ጨረሰው። ከትምህርት ቤት ከወጣ ወዲህ ከዳር እስከ ዳር ያነበበው መጽሐፍ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ማታ ታሪኩን በደስታ ሲነግረኝ ሳቅሁበት፤ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» አልሁት። እርሱም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ የሚያነበውን መጽሐፍ አሳይቶኝ አያውቅም።

የሚያሳፍረኝ መሳቄ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉን ከሠላሳ ገጽ በላይ አለማንበቤም ጭምር ነው። ነቀፋዬ ከሌሎች ተማሪዎች አፍ የተዋስሁት ነበር። እርሱ ያልተማረ፥ እኔ የተማርሁ ተብለን ሳለ፥ በዚያ ማታ ገጽ ጠቅሶ ሊከራከር ይችል የነበረው እርሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የተማርሁት፥ መጽሐፍ ብዙ ሰው ስላነበበው ጥሩ እንደማይሆን ሁሉ፥ ብዙ ሰው ስላነበበውም መጥፎ አለመሆኑን ነው። የአንባቢው ብዛት የሚያስረዳው ሕዝቡ ምን እንደ ተራበ ነው፤ ምግቡ እንዴት እንደ ተሠራ ግን ራሱን ችሎ መመርመር አለበት። ሁለቱን ጥያቄዎች የሚደባልቅ ሰው ወይ አንባቢውን ይሰድባል፥ ወይ ደራሲውን ያለ ልክ ያወድሳል። ደግሞም ጥያቄው ይለያያል ማለት ፍርዱ ሁሉ እኩል ነው ማለት አይደለም። «ይህን የምለው በዚህ ስፍራ ይህን ስላየሁ ነው» ብሎ መጽሐፉን ገልጦ የሚያሳይ አንባቢ፥ ማዕርጉ ምንም ይሁን ምን፥ ሊደመጥ ይገባዋል። ይህን ማድረግ የማይችል ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ቢሆን የሰማውን ወሬ ከማቀበል አያልፍም።

ባለፈው ክረምት «ዴርቶጋዳ»ን ከወንድሜ ተውሼ ጨረስሁት። መጽሐፉንም ይዤ ሄጄ አሳማኝ ያልመሰለኝን ስፍራ ገልጬ አሳየሁት። እርሱ ቀና ብሎ አየኝና «እሱን ተወው፤ እዚህ ጋ ተመልከት» ብሎ ሌላ ገጽ ገለጠ። «በታክሲ ውስጥ የምሰማው አገራችን ዐዋቂ የላትም ሲባል ነው። እዚህ ግን ዐዋቂው የእኛ ሰው ነው፤ ባዕዳን እንኳ ይፈልጉታል» አለኝ። ታሪኩ ይላላል የሚለውን አሳቤን እስከ አሁን አልለወጥሁም፤ እርሱም የእርሱን አልለወጠም። ነገር ግን አሁን የምንከራከረው ሁለታችንም ባነበብነው መጽሐፍ ላይ ነው።