በ10 ሰከንድ የት ይደረሳል? ስለ ጆን ዲቮላ ፎቶዎችና ስለ ካሜራ ታይመር

እስኪ የቤተሰባችሁን የድሮ የፎቶ አልበም አውጡና አገላብጡት። ገና፣ ፋሲካ፣ የእህት ምረቃ፣ የአክስት ሠርግ። ሁሉም ሰው አለ። አንድ ሰው ብቻ የለም፤ ካሜራውን የያዘው።

በእኛ ቤት ያ ሰው አጎቴ ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ የቤተሰቡን ፎቶ ሲያነሡ የኖሩት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ግን የሚታዩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ጥላቸው ነው። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ስለነበረች ጥላቸው ሣሩ ላይ ወድቆ አብሮ ተነሥቷል።

የሚገርመው ነገር፣ የአጎቴ ካሜራ ሰልፍ ታይመር ነበረው። ሞልተው፣ ቁልፉን ተጭነው፣ ሮጠው ከቤተሰቡ ጋር መቆም ይችሉ ነበር። «ታዲያ ለምን አልተጠቀሙበትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማንም ሳያይ የሚነሣ ፎቶ ምን ዋስትና አለው? ፊልም ደግሞ ውድ ነው» አሉኝ። በቃ፣ መልሳቸው ይኸው ነበር።

አሁን ደግሞ የእሳቸውን ስጋት ወስዶ የሥነ ጥበብ ሥራ ያደረገ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

ከካሜራው የሚሸሸው ሰውዬ

ጆን ዲቮላ አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ ተከታታይ ሥራ ጀመረ፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «መድረስ የቻልኩትን ያህል ርቄ» እንደ ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሠራሩ ቀላል ነው። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያስቀምጣል። ታይመሩን 10 ሰከንድ ላይ ያደርጋል። ቁልፉን ይጫናል። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ከካሜራው ይሸሻል።

ፎቶው ላይ የምታዩት ሰፊ መሬት ነው፤ በመሬቱ ላይ ደግሞ ጀርባውን የሰጠ፣ በሩጫ ላይ ያለ ትንሽ ሰው። ፊቱ አይታይም። የእያንዳንዱ ፎቶ ስም ግጥም የለበትም፤ የፊልሙ ጥቅል ቁጥርና በጥቅሉ ውስጥ ያለው የፍሬም ቁጥር ነው። ልክ በቤተ ሙከራ መዝገብ ላይ ናሙና እንደሚመዘገበው።

መሐንዲስ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ሰውየውን አይደለም፤ ልኬቱን ነው። ርቀት ማለት ፍጥነት ሲባዛ በጊዜ ነው፣ አይደል? ተራ ሰው ጎንበስ ብሎ ቁልፍ ተጭኖ፣ ዞሮ፣ ባልተስተካከለ መሬት ላይ ሲሮጥ በአማካይ በሰከንድ 5 ሜትር ቢሄድ በ10 ሰከንድ 50 ሜትር ይደርሳል። (ዩሴን ቦልት በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትሩን በ9.58 ሰከንድ ጨርሷል፤ ከዚያ በላይ የሮጠ ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ የዚህ ጨዋታ ጣሪያ ከ100 ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ነው።)

ለምሳሌ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ተራ የፊልም ካሜራ እንውሰድ። 1.75 ሜትር ቁመት ያለው ሰው 50 ሜትር ርቆ ሲቆም ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ምስሉ 1.75 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የፊልሙ ፍሬም ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ነው። ሰውየው የፎቶውን ቁመት አንድ አሥራ አራተኛ ገደማ ይይዛል ማለት ነው። 4 ሜትር ላይ ቢቆም ኖሮ ደግሞ ወደ 22 ሚሊ ሜትር ሆኖ ፍሬሙን ሊሞላው ነበር። እንግዲህ ይህ ሥራ 10 ሰከንድን ወደ ሚሊ ሜትር የሚቀይር ፎቶ ነው። ጊዜው በሰውየው ማነስ ይነበባል።

የ10 ሰከንዱ ምሥጢር

ግን 10 ሰከንዱ በእርግጥ 10 ሰከንድ ነው? ይህን ለመመለስ ካሜራውን መክፈት አለብን።

በድሮ ካሜራ ላይ ታይመር ማለት ትንሽ ሰዓት ነው። ከፊት ያለችውን ዘንግ ስታዞሩ ውስጥ ያለው ሞላ ይጠቀለላል። ቁልፉን ስትጫኑ ሞላው መፈታት ይጀምራል። ብቻውን ቢተው በቅጽበት ይፈታ ነበር። ስለዚህ ከተያያዙ ጥርሳም ጎማዎች ጋር ታስሯል፤ ከመጨረሻው ጎማ አጠገብ ወዲያና ወዲህ የምትወዛወዝ ትንሽ ብረት አለች። እያንዳንዱ ጥርስ ለማለፍ ብረቷን መግፋት አለበት። «ዝዝዝዝ» የሚለው ድምፅ ከእሷ ነው የሚመጣው። ዘንጓ ተመልሳ ቦታዋ ስትደርስ ሸተሩን ትለቀዋለች፤ ፎቶው ይነሣል።

የእጅ ሰዓትም በሞላ ይሠራል፣ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የእጅ ሰዓት ውስጥ የምትወዛወዘው ጎማ እንደ ፀጉር የቀጠነ የራሷ ሞላ አላት፤ ስለዚህ የራሷን ምት ትጠብቃለች። የታይመሯ ብረት ይህ የላትም። ፍጥነቷ የሚወሰነው ሞላው በሚገፋበት ኃይልና በሰበቃው ነው። ዘይቱ ሲደርቅ፣ ብርድ ሲሆን፣ አቧራ ሲገባ ጊዜው ይለወጣል። የአንዱ ካሜራ 10 ሰከንድ የሌላው 9 ወይም 11 ሊሆን ይችላል።

ይህ ለቤተሰብ ፎቶ ምንም ማለት አይደለም። ለሯጭ ግን ነው። አንድ ሰከንድ ስሕተት ማለት በእኛ ስሌት 5 ሜትር ነው። ስለዚህ ዲቮላን እንደ ሙከራ ካየነው ጉድለት አለበት፦ ሰውየው አንሶ ከታየ ጎበዝ ስለሮጠ ነው ወይስ ታይመሩ ስለዘገየ? አንድ እኩልታ፣ ሁለት የማይታወቁ። ፎቶው ብቻውን አይመልስልንም።

ታይመር ለምን ተፈጠረ?

ብዙ ሰው ታይመር የመጣው ሰው ራሱን ማንሣት ስለፈለገ ይመስለዋል። ሰው ግን ራሱን ያነሣው ታይመር ከመፈጠሩ በፊት ነው። ሮበርት ኮርኔሊየስ በ1839 ፊላደልፊያ ውስጥ የራሱን ምስል አንሥቷል። ያኔ የብረት ሰሌዳው ብርሃን ለመቀበል ረጅም ጊዜ ይፈልግ ነበር፤ ሌንሱን ከፍቶ ሄዶ ፊት ለፊት ለመቆም ጊዜ አይጠብም። ምስሉን ካገኛችሁት አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኮርኔሊየስ መሐል ላይ አይደለም፤ ወደ ጎን ሸሸት ብሏል። ለምን ቢባል፣ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ የሚያይለት ሰው አልነበረም። የአጎቴ ስጋት ያኔም ነበር ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው ፊልም ሲፈጥን ነው። ሸተሩ በሰከንድ ክፍልፋይ ተከፍቶ ሲዘጋ ማንም ሮጦ አይደርስም። መጀመሪያ ላይ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ጫፉ ላይ ፊኛ ተደርጎለት፣ ፊኛው ሲጨመቅ አየሩ ሸተሩን ይለቅ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሥርት ዓመታት ደግሞ ካሜራው ላይ የሚገጠሙ ትንንሽ ሰዓቶች ተሸጡ፤ ኮዳክም ከሸጡት አንዱ ነው። በ1930ዎቹ እንደ ኮምፑር ባሉት የጀርመን ሸተሮች ውስጥ ታይመሩ አብሮ ተሠርቶ መምጣቱ እየተለመደ ሄደ። በኋላ በወጡት የጀርመን ሸተሮች ላይ የምታገኟት «ቪ» የምትመስል ፊደል «ፎርላውፍቬርክ» የሚለው ቃል መነሻ ናት። በቁሙ ሲተረጎም «ቀድሞ የሚሮጥ መሣሪያ» እንደ ማለት ነው። ዲቮላ ይህን ቢሰማ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ታይመር ሰው በሌለበት ፎቶም ይጠቅማል። ቁልፉን በጣት ስትጫኑ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ ሸተሩ ቀርፋፋ ከሆነ ምስሉ ይደበዝዛል። ታይመር ግን እጃችሁን ቀድሞ ያስለቅቃችኋል። በ1982 የወጣው ኒኮን ኤፍ ኤም 2 እንዲያውም ታይመሩ ሲጀምር ውስጡ ያለውን መስታወት ቀድሞ ያነሣዋል፤ ፎቶው እስኪነሣ ንዝረቱ ይሞታል።

ማን ይቅር?

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልንገራችሁ። በ1976 ሁለት ታዋቂ ካሜራዎች ወጡ። ካነን ኤ ኢ 1 ታይመሩን ከሞላ ወደ ኤሌክትሮኒክስ አዞረው፤ በባትሪ ይሠራል፣ ሲቆጥር ትንሽ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ፔንታክስ ኬ 1000 ደግሞ ዋጋው እንዲቀንስ ከተቀነሱለት ነገሮች አንዱ ታይመሩ ነው። ይህ ካሜራ እስከ 1997 ድረስ ተመረተ፤ ለፎቶ ተማሪዎችም በብዛት የሚመከረው እሱ ነበር። በውድ ካሜራዎችም ቢሆን የላይካ ኤም 3 (1954) ታይመር ነበረው፣ የኤም 6 (1984) የለውም።

ርካሽ ካሜራ መሥራት ቅዱስ ሥራ ነው፣ ይገባኛል። ግን አንድ መሐንዲስ «ይህ ይቅር» ሲል ከፎቶው የሚቀረውን ሰው አብሮ እየወሰነ ነው። በዚያ ካሜራ የተሞላ አልበም ውስጥ ያነሣው ሰው የሚገኘው ካሜራውን ለሌላ ሰው ከሰጠ ብቻ ነው።

ለአምራቾቹ የምከራከርበት አንድ ነጥብም አለኝ፤ ያውም ከራሴ ጥፋት የተማርኩት። አጎቴ ካሜራቸውን ሲሰጡኝ በጉጉት ታይመሩን ሞላሁት። «ዝዝዝ» አለና መንገድ ላይ ቆመ። ሸተሩም አብሮ ተቆለፈ። የደረቀ ዘይት ጥርሳም ጎማዎቹን ይዟቸው ኖሯል። ብዙ ድሮ ሸተሮች ውስጥ ታይመሩ ከቆመ ካሜራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የድሮ ካሜራ እጃችሁ ከገባ፣ በባለሙያ ሳይታይ ታይመሩን አትንኩት።

ታዲያ ሥራው ጥሩ ነው?

የዲቮላ ሥራ ድክመት ግልጽ ነው፦ አንዷን ፎቶ ካያችሁ ሐሳቡ ገብቷችኋል። ቀልድ ሁለተኛ ሲነገር እንደሚቀዘቅዘው ዓይነት ሊመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ተከታታይ መሆኑ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። ሐሳቡ አንድ ስለሆነ ከፎቶ ወደ ፎቶ የሚለወጠው መሬቱ ነው። ሜዳው ሰውየውን ያሳንሰዋል፤ አስቸጋሪው መሬት ደግሞ ይይዘውና ትልቅ አድርጎ ያስቀረዋል።

ዋናው ጥንካሬው ግን ሌላ ነው። ፎቶ አንሺ ማለት «አሁን!» ብሎ ቅጽበት የሚመርጥ ሰው ነው እንላለን። ዲቮላ ያንን ሥልጣን ለጊዜ ቆጣሪ ሰጠ፤ ጀርባውንም አዞረ። ፎቶው ሲነሣ ማንም አያይም፤ እሱም ጭምር። አጎቴ የሸሹትን ነገር እሱ ሮጦ ገባበት።

በስልካችን ራሳችንን ስናነሣ ይህ የለም። ራሳችንን እያየን ነው የምንነሣው፤ ርቀቱም የክንዳችን ርዝመት ነው። ስልኩ ከአፍንጫችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ቢርቅና ጆሯችሁ ከአፍንጫችሁ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ አፍንጫችሁ ከጆሯችሁ አንጻር 24 በመቶ ገዝፎ ይወጣል። 3 ሜትር ላይ ግን 4 በመቶ ብቻ። ታይመር ርቀት ይሰጣል፤ በምላሹ ማየትን ይወስዳል።

ከፎቶዎቹ አንዱን ለአጎቴ በስልኬ አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው አጉልተው ሰውየውን ፈለጉት። «ከማን ነው የሚሸሸው?» አሉ።

«ከካሜራው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ማን አየለት ታዲያ?»

«ማንም።»

ትንሽ ዝም አሉና «ተነሥቷል ግን» አሉ።

እናንተም ሞክሩት። የስልካችሁን ታይመር 10 ሰከንድ ላይ አድርጉ፣ አስተማማኝ ነገር ላይ አስደግፉት፣ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ ሩጡ። ርቀቱን በእርምጃ ለኩ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ቁመታችሁን በማስመሪያ ለኩና ሁለት ጊዜ ስትርቁ ቁመታችሁ በግማሽ ይቀንስ እንደሆነ አረጋግጡ። ከዚያ በሚቀጥለው በዓል ያንኑ ስልክ የቡና ረከቦቱ አጠገብ አቁሙት፤ ሁልጊዜ ፎቶ የሚያነሣውን ሰው ክንዱን ይዛችሁ መሐል አስገቡት። ምናልባት ወደ ጎን ሸሸት ብሎ ይወጣ ይሆናል። ኮርኔሊየስም እንደዚያው ነው የወጣው።